ተገቢውን ሥፍራ ያላገኘችው የቀደምት የወሮበላ ፊልሞች ተዋናይት

ስካርፌስ የተሰኘው ፊልም ሲነሳ የብዙ ተመልካቾች ሐሳብ የሚያመራው እ.አ.አ በ1983 ወደተሠራውና አል ፓቺኖ በመሪ ተዋናይነት ወደተጫወተበት ፊልም ነው። ይሁንና ይህ ፊልም ከ51 ዓመታት በፊት ለዕይታ የበቃና ተመሳሳይ ስያሜ ያለው ቀዳሚ ፊልም በአዲስ መልክ የተሠራበት መሆኑን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። በቀዳሚው ፊልም የወሮበላውን እህት ሆና የተጫወተችውን ወጣት የሚያስታውሱ ደግሞ ከእነዚህም ያነሱ ናቸው። ይህች ተዋናይት አን ድቮራክ ትባላለች።

አን ድቮራክ እ.አ.አ በ1932 ብቻ በስምንት ፊልሞች ላይ ታይታለች። ከእነዚህ መካከል ቢያንስ ሁለቱ በዘመኑ ከተሠሩት የወንጀል ፊልሞች ጎላ ብለው የሚጠቀሱ ናቸው። በዚያው ዓመት አጋማሽ ግን ሥራዋን ጥላ ከአገር ወጣች። ከተመለሰች በኋላም ለ18 ዓመታት ያህል በተዋናይነት ብትቀጥልም በዚያ አንድ ዓመት የደረሰችበትን ከፍታ ዳግም አላገኘችም። ለዚህ ምክንያቱ ምን እንደነበር ለመረዳት ፊልሞቹ የተሠሩበትን ዘመንና በዘመኑ የነበረውን የሆሊውድ የቅጥር ሥርዓት መመልከት ያስፈልጋል።

በአሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 የዘለቀው የአልኮል መጠጥ ክልከላ በሕገወጥ መንገድ መጠጥ የሚጠምቁ፣ የሚያጓጉዙና የሚቸረችሩ ቡድኖችን አፍርቷል። የቺካጎው አል ካፖን ከእነዚህ ሁሉ በላይ ስሙ የገነነ ነበር። ጋዜጦች የወሮበሎቹን የእርስ በርስ ፍልሚያ በየዕለቱ ሲዘግቡ፣ በዚያው ወቅት ድምፅ ማውጣት የጀመረው ሲኒማ ደግሞ የመትረየስ ተኩስን፣ የመኪና ጎማ ሲጢጢታንና የመንገድ አነጋገርን ለተመልካች ጆሮ አደረሰ። በ1931 መጀመሪያ ላይ ኤድዋርድ ጂ. ሮቢንሰን የተወነበት ሊትል ሲዛር፣ ከጥቂት ወራት በኋላም ጄምስ ካግኒ የተወነበት ዘ ፐብሊክ ኢነሚ ለዕይታ ቀረቡ። ሁለቱም ፊልሞች ከፍተኛ ተቀባይነት በማግኘታቸው ስቱዲዮዎቹ ተመሳሳይ ታሪኮችን በብዛት ማምረት ያዙ።

እነዚህ ፊልሞች የወንዶች ፊልሞች ናቸው። ሴቶች በአብዛኛው የሚታዩት የወሮበላው ውሽማ፣ የምሽት ክበብ ጨፋሪ ወይም ልጇ ምን እየሠራ እንደሆነ የማታውቅ እናት ሆነው ነው። በዘ ፐብሊክ ኢነሚ ከታዩት የሴት ትዕይንቶች ሁሉ ይበልጥ የሚታወሰው ካግኒ በቁርስ ገበታ ላይ ግማሽ ግሬፕፍሩት የተባለ ብርቱካን መሰል ፍራፍሬ በሜይ ክላርክ ፊት ላይ የደፈደፈበት ነው። ይህ ሁኔታ የሴቶቹ ድርሻ ምን ያህል እንደነበር ያመለክታል። አን ድቮራክ ወደዚህ ዓለም ስትገባ የተሰጣት ሚና ከዚህ የተለየ ነበር፤ እርሷም የተሰጣትን ሚና ከተጻፈው በላይ አድርጋ ተጫውታዋለች።

አን ድቮራክ የተወለደችው በኒው ዮርክ ከተማ ነሐሴ 2 ቀን 1911 እ.አ.አ ሲሆን የልደት ስሟ አና ማክኪም ነው። እናቷ አና ሌህር ድምፅ አልባ ፊልሞች በሚሠሩበት ዘመን የታወቀች ተዋናይ፣ አባቷ ኤድዊን ማክኪም ደግሞ የፊልም ዳይሬክተር ነበሩ። ገና የአምስት ዓመት ልጅ ሳትሞላ በ1916 በተሠራው ራሞና በተሰኘ ፊልም ላይ ታይታለች። ወላጆቿ በልጅነቷ በመለያየታቸው አባቷን ለብዙ ዓመታት ሳታይ ያደገች ሲሆን፣ ያገኘቻቸውም ታዋቂ ከሆነች በኋላ በጋዜጦች አማካይነት ባደረገችው ፍለጋ በ1934 ነው።

ድቮራክ የሚለውን የመጠሪያ ስም የወሰደችው ከእናቷ ቤተሰብ ነው። ስሙ ከመካከለኛው አውሮፓ የመጣ በመሆኑ አሜሪካውያን አጠራሩን ሲያበላሹት ኖረዋል። እርሷ ትክክለኛው አጠራር የመጀመሪያው ፊደል ተውጦ “ቮርሻክ” እንደሆነ ደጋግማ ብታስረዳም ሰሚ አላገኘችም። እኛም በዚህ ጽሑፍ የተለመደውን አጠራር ተከትለናል፤ ይቅርታዋን እንጠይቃለን።

ወደ ሆሊውድ የዘለቀችው በጭፈራ በኩል ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ ኤም.ጂ.ኤም በተባለው ስቱዲዮ የሙዚቃ ፊልሞች ላይ ከአጃቢ ተወዛዋዦች አንዷ ሆና ተቀጠረች፤ ብዙም ሳይቆይ የውዝዋዜ አሠልጣኙ የሳሚ ሊ ረዳት ሆነች። በዚያ ሥራ ላይ እያለች ከሌሎች ሠላሳና አርባ ወጣቶች ጋር ከካሜራው ርቃ ከመታየት ያለፈ የትወና ዕድል አልነበራትም። ዕድሉ የመጣው ጓደኛዋ ተዋናይት ካረን ሞርሊ ባደረገችው ትውውቅ ነው። ሞርሊ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በፖለቲካ አመለካከቷ ምክንያት ከፊልም ሥራ የተገለለች ተዋናይ ስትሆን፣ የእርሷም ታሪክ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚወጣው ነው።

በወቅቱ በነዳጅ ጉድጓድ መቆፈሪያ መሣሪያ ንግድ ከበለጸገ ቤተሰብ የተገኘው ወጣቱ ከበርቴ ሃዋርድ ሂዩዝ የአል ካፖንን ሕይወት መነሻ ያደረገ ፊልም ለመሥራት ተነስቶ ነበር። ዳይሬክተሩ ሃዋርድ ሆክስ፣ የታሪኩ ዋና ጸሐፊ ደግሞ በቺካጎ በጋዜጠኝነት የሠራው ቤን ሄክት ነበሩ። ሆክስ በኋላ እንደተናገረው፣ በቤቱ በተዘጋጀ ግብዣ ላይ ድቮራክ ከማይጨፍረው ጆርጅ ራፍት ፊት ለፊት ቆማ ብቻዋን በመጨፈር እርሱን ከተቀመጠበት ለማስነሳት ስትሞክር ተመልክቷል። ዳይሬክተሩ በዚያ ምሽት ያየውን እንዳለ ወደ ፊልሙ አሸጋገረው። ሁለቱም ሰዎች በፊልሙ ውስጥ በምሽት ክበብ ተገናኝተው ያንኑ ይደግሙታል፦ እርሷ እየጨፈረች ትጋብዘዋለች፣ እርሱ ግን የአለቃውን ቁጣ ስለሚፈራ ንቅንቅ አይልም።

አለቃው የእርሷ ወንድም ነው። ፖል ሙኒ የሚጫወተው ቶኒ ካሞንቴ ያለ ርኅራኄ ሰው እየገደለ ወደ ላይ የሚወጣ ወሮበላ ሲሆን፣ በእህቱ በቼስካ ላይ ግን ከወንድም ወግ ያለፈ ቅናት አለበት። ወንድ ሲቀርባት ማየት አይችልም። ቼስካ በበኩሏ የወንድሟን ገንዘብ ትቀበላለች፣ ትዕዛዙን ግን አትቀበልም። ድቮራክ ፊልሙ ሲቀረጽ ዕድሜዋ ገና 20 ዓመት ገደማ ነበር። ከቲያትር መድረክ የመጣው ሙኒ ድምፁን ከፍ፣ እጁን ሰፋ አድርጎ ሲተውን እርሷ በአንጻሩ ትልልቅ ዓይኖቿንና የማያርፉ እጆቿን ትጠቀማለች። ዛሬ ላይ ሆኖ ፊልሙን የሚመለከት ሰው የሙኒን አተዋወን ዘመን ያለፈበት ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። የእርሷን ግን ትናንት የተቀረጸ ያህል ነው የሚያየው። ይህ የጸሐፊው አስተያየት ቢሆንም ፊልሙን አፈላልጎ ያየ ሁሉ የሚስማማበት ይመስለናል።

በፊልሙ ማብቂያ ላይ ቼስካ የራፍትን ገጸ ባሕርይ ሪናልዶን በድብቅ ታገባለች። ቶኒ ጋብቻውን ሳያውቅ በሩን አንኳኩቶ ሪናልዶን ይገድለዋል። እህት ሽጉጥ ይዛ ወንድሟን ልትበቀል ትመጣለች፤ ፊት ለፊቱ ስትቆም ግን መተኮስ ያቅታታል። ፖሊስ ቤቱን በከበበበት ሰዓት ከእርሱ ጎን ቆማ ጥይት ታቀብለዋለች፤ ፊቷም ላይ ደስታ የሚመስል ነገር ይነበባል። ጥላቻና ፍቅር በአንድ ፊት ላይ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የሚፈራረቁበት ይህ ትዕይንት ለመተወን እጅግ አስቸጋሪ ነው። ጥይት ሲመታት ደግሞ ወንድሟ መፍራቱን አይታ የሞተውን ባሏን ትናፍቃለች። ቶኒ የሚወድቀው ከፖሊሶቹ ጥይት አስቀድሞ በዚህ ነው።

ፊልሙ በ1931 ተቀርጾ ቢጠናቀቅም ለሕዝብ የቀረበው በ1932 ነበር። ለመዘግየቱ ምክንያት የሆነው የሳንሱር ክርክር ነው። ሳንሱር አድራጊዎቹ ፊልሙ ወሮበላን ያወድሳል፣ በወንድምና በእህት መካከል የሚያሳየው ስሜትም ከሥነ ምግባር ውጭ ነው የሚል ተቃውሞ አነሱ። በዚህም ሳቢያ “የአገር ኀፍረት” የሚል ንዑስ ርዕስ ተጨመረበት፤ ዜጎች በወንጀል ላይ እንዲነሱ የሚሰብክ ትዕይንትም ገባበት፤ ቶኒ በፍርድ ተሰቅሎ የሚሞትበት ሌላ ፍጻሜም ተቀረጸለት። ሙኒ በዚያን ጊዜ ስላልነበረ ተሰቃዩ ፊቱ ሳይታይ ነው የተቀረጸው።

ፊልሙ ከወጣ በኋላ ያጋጠመው ነገር ደግሞ ድቮራክን በቀጥታ የሚመለከት ነው። ሂዩዝ ከዓመታት በኋላ ፊልሙን ከገበያ አውጥቶ በእጁ ያዘው። በ1976 እስኪሞት ድረስ በአሜሪካ በሕጋዊ መንገድ ማየት አዳጋች ሆኖ ቆየ። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ የተወለደ የፊልም አፍቃሪ ካግኒንና ሮቢንሰንን በቴሌቪዥን እያየ ሲያድግ ቼስካን ግን የማየት ዕድል አልነበረውም። የአንድ ተዋናይ ዝና የሚኖረው ሥራው እስከታየ ድረስ ብቻ ስለሆነ ከትልቁ ሥራዋ ጋር ስሟም ተደበቀ።

ሁለተኛው ታላቅ ሥራዋ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ለዕይታ የቀረበው ሦስት በአንድ ክብሪት ሲሆን የተሠራው በዋርነር ብራዘርስ ስቱዲዮ፣ በዳይሬክተር መርቪን ሌሮይ ነው። ርዝመቱ 63 ደቂቃ ብቻ ነው። ርዕሱ የተወሰደው በአንድ ክብሪት ሦስት ሰው ሲጋራ ከለኮሰ ሦስተኛው ይሞታል ከሚል አጉል እምነት ነው። አብረው የተማሩ ሦስት ሴቶች ከዓመታት በኋላ ተገናኝተው በአንድ ክብሪት ሲጋራ ይለኩሳሉ። ጆን ብሎንዴል ከማረሚያ ቤት የወጣችውን፣ ቤቲ ዴቪስ ጸሐፊዋን፣ ድቮራክ ደግሞ የሀብታም ጠበቃ ሚስት የሆነችውን ቪቪያንን ይጫወታሉ።

ቪቪያን ሁሉ ተሟልቶላት ምንም የማያስደስታት ሴት ናት። ባሏን ትታ ልጇን ይዛ ከአንድ ሥራ ፈት ጋር ትኮበልላለች፤ ከዚያም በመጠጥና በአደንዛዥ ዕፅ ደረጃ በደረጃ ትወድቃለች። ልጁ ሲራብና ሲቆሽሽ አታይም። በመጨረሻም የወሮበሎች ዕዳ ያለበት ወዳጇ ልጁን አግቶ ገንዘብ ለመጠየቅ ይነሳል። ያኔ ገና ያልታወቀው ሃምፍሬይ ቦጋርት ከአጋቾቹ አንዱ ሆኖ ይታያል። ቦጋርት በአንድ ትዕይንት ላይ አፍንጫውን በጣቱ ነካ አድርጎ ሴትየዋ ያለችበትን ሁኔታ ለጓደኞቹ ያሳውቃል፤ ስለ ዕፅ የሚናገር አንዲት ቃል እንኳ አይወጣም። ፊልሙ በወጣበት ዓመት በመጋቢት ወር የታዋቂው አብራሪ የቻርልስ ሊንድበርግ ሕፃን ልጅ ታግቶ ስለነበር ጉዳዩ ለአሜሪካ ተመልካች ምን ያህል ቅርብ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

አጋቾቹ ልጁን ሊገድሉት ሲወስኑ ቪቪያን ልጁ ያለበትን ሥፍራ በከንፈር ቀለም በሌሊት ልብሷ ላይ ጽፋ በመስኮቱ በኩል ራሷን ወደ መንገድ ትወረውራለች። ድቮራክ በዚህ ትዕይንት ላይ ከስታ፣ ዓይኖቿ ጎድጉደውና ፀጉሯ ተበታትኖ ትታያለች። የዘመኑ የሆሊውድ ተዋናዮች በሞት አፋፍ ላይ እንኳ ተኳኩለው መታየት ይፈልጉ እንደነበር ስናስታውስ የድፍረቷ መጠን ይገባናል። በዚህ ፊልም ከሦስቱ ሴቶች አነስተኛውን ድርሻ የያዘችው ቤቲ ዴቪስ ነበረች።

ድቮራክ በዚህ መካከል በመጋቢት 1932 ተዋናይ ሌስሊ ፌንተንን አግብታለች። ፌንተን በዘ ፐብሊክ ኢነሚ ከወሮበሎቹ አንዱን የተጫወተ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ ከድቮራክ ጋር በሌላ ፊልም አብረው ሠርተዋል። በሐምሌ ወር ባልና ሚስቱ ስቱዲዮውን ሳያስፈቅዱ ወደ አውሮፓ ተጓዙ፤ ለወራትም አልተመለሱም። የዘመኑ ጋዜጦች ነገሩን ፍቅር ያሳበዳት ወጣት ታሪክ አድርገው አቀረቡት። ይህ አገላለጽ እስከ ዛሬ ድረስ ሲደጋገም ይሰማል።

የገንዘቡ ጉዳይ ግን ሌላ ያሳያል። የድቮራክ ውል መጀመሪያ በሂዩዝ እጅ የነበረ ሲሆን እርሱ ለዋርነር ብራዘርስ ሸጠው። እርሷ በዚህ ሽያጭ ላይ የመናገር መብት አልነበራትም። በሳምንት ይከፈላት የነበረው 250 ዶላር ነው። በሦስት በአንድ ክብሪት ላይ ልጇ ሆኖ የተወነው ሕፃን የሚከፈለውም ይኸው መጠን መሆኑን ስታውቅ ከስቱዲዮው ጋር የነበራት ቅሬታ ተካረረ። በአንድ ዓመት ስምንት ፊልም፣ አብዛኛውም በዋና ሚና፣ በዚህ ክፍያ መሥራቷ ሲታይ ጉዳዩ የጫጉላ ሽርሽር ብቻ እንዳልነበረ ግልጽ ነው።

የስቱዲዮ ውል የሚባለው ነገር እንዴት ይሠራ እንደነበር ማብራራት ተገቢ ነው። በዚያ ዘመን አንድ ተዋናይ በተለምዶ የሚፈርመው የሰባት ዓመት ውል ነበር። ውሉ ግን ሁለቱን ወገኖች እኩል አያስርም። ስቱዲዮው በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ ተዋናዩን ማሰናበት ይችላል፤ ተዋናዩ ግን መልቀቅ አይችልም። የሚሠራበትን ፊልም አይመርጥም። ስቱዲዮው ለሌላ ኩባንያ ሊያከራየው ይችላል፤ ከኪራዩ የሚገኘው ትርፍ ለተዋናዩ አይደርስም። የተሰጠውን ሚና እምቢ ካለ ያለ ደመወዝ ይታገዳል። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ የታገደበት ጊዜ በውሉ ማብቂያ ላይ መጨመሩ ነው፤ ስለዚህ ሰባቱ ዓመት ዘጠኝ ወይም አሥር ሊሆን ይችላል።

ድቮራክ በ1933 ስትመለስ ስቱዲዮው አልከሰሳትም፣ አላባረራትምም። ሥራ ሰጣት፤ ችግሩ የሰጣት ሥራ ዓይነት ነበር። በ1934 ብቻ በርካታ ፊልሞችን ብትሠራም አብዛኞቹ በችኮላ የተሠሩና ለእርሷ ችሎታ የማይመጥኑ ናቸው። በሃውስዋይፍ ፊልም ላይ ታጋሽ ሚስት ስትሆን፣ ባሏን የምትነጥቃትን ማራኪ ሴት የምትጫወተው ያቺው ቤቲ ዴቪስ ነበረች። በሁለት ዓመት ውስጥ የሁለቱ ሴቶች ሥፍራ ተገላብጦ ነበር።

ሌላም ለውጥ በዚያው ዓመት መጣ። ከ1930 ጀምሮ በወረቀት ላይ የነበረው የፊልም ሥነ ምግባር ደንብ ከሐምሌ 1934 አንስቶ በጥብቅ መተግበር ጀመረ። ወሮበላን ጀግና ማድረግ፣ ዕፅ መጠቀምን ማሳየት፣ ከትዳር ውጭ ያለ ግንኙነትን ያለ ቅጣት ማሳየት ተከለከለ። ከዚያ በፊት የተሠሩ ፊልሞችም ካልተቆረጡ በቀር በድጋሚ ለዕይታ እንዳይቀርቡ ተደረገ። ቼስካንና ቪቪያንን የመሰሉ ሴቶች ከእንግዲህ ሊጻፉ አይችሉም ነበር፤ የድቮራክ ጥንካሬ ደግሞ በትክክል እነዚህን በመጫወት ላይ ነበር።

በ1935 የወጣው ጂ ሜን ለውጡን በግልጽ ያሳያል። ካግኒ በዚህ ፊልም ወሮበላ መሆኑ ቀርቶ የፌዴራል ወንጀል መርማሪ ሆኗል። ድቮራክ ደግሞ ወንጀለኛ ያገባች የምሽት ክበብ ተወዛዋዥ ናት። መርማሪውን ከልቧ የምትወደው እርሷ ስትሆን፣ ወሳኙን መረጃ በስልክ ስትነግረውም በስልክ መደወያው ክፍል ውስጥ ባሏ በጥይት ይገድላታል። ጀግናውን የምታገኘው ጨዋይቱ ነርስ ናት። ፊልሙ ከሁለቱ ሴቶች የትኛዋን እንደሚያከብር ቢታወቅም፣ ተመልካች ከአዳራሹ ወጥቶ የሚያስታውሳት የሞተችውን ነው።

በ1936 ድቮራክ ከስቱዲዮው ጋር ፍርድ ቤት ቀረበች። ውጤቱ የተመኘችውን ነፃነት አላስገኘላትም፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ከኩባንያው ለቃ በየስቱዲዮው በጊዜያዊነት መሥራት ጀመረች። ቤቲ ዴቪስም በዚያው ዓመት ከዚሁ ስቱዲዮ ጋር ለንደን ላይ ተከራክራ ተረትታለች። ጉዳዩ እልባት ያገኘው ኦሊቪያ ዴ ሃቪላንድ በዋርነር ብራዘርስ ላይ በመሠረተችው ክስ ነው። የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 1944 የሰባት ዓመቱ ገደብ በቀን መቁጠሪያ እንደሚታሰብና የእገዳ ጊዜ ሊጨመርበት እንደማይችል ወሰነ። ይህ ውሳኔ እስከ ዛሬ ድረስ በዴ ሃቪላንድ ስም ይጠራል። ከእርሷ በፊት በዚሁ በር ላይ ያንኳኳችው ድቮራክ ግን በሕግ መጻሕፍት ውስጥ ይህን ያህል ሥፍራ የላትም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ፌንተን ወደ አገሩ ተመልሶ በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ውስጥ አገለገለ። ድቮራክም ተከትላው ሄዳ ለንደን በጀርመን አውሮፕላኖች በምትደበደብበት ወቅት የአምቡላንስ ሾፌር ሆና ሠርታለች፤ በእንግሊዝ ፊልሞችም ላይ ተውናለች። ወደ አሜሪካ ከተመለሰች በኋላ ከጆን ዌይን ጋር የሠራችውን ፍሌም ኦቭ ባርባሪ ኮስትን ጨምሮ በተለያዩ ፊልሞች ታይታለች።

ከዚህ ኋለኛ ዘመን ሥራዎቿ አንዱ ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። በ1950 ጆርጅ ኩከር ባዘጋጀው ኤ ላይፍ ኦቭ ኸር ኦውን ፊልም ላይ ላና ተርነር መሪ ተዋናይት ነች። ድቮራክ በፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ ብቻ ብቅ ብላ ዕድሜዋ እየገፋ ሥራ የራቃትን የፋሽን ሞዴል ትጫወታለች። ሴትየዋ ብዙም ሳትቆይ ራሷን ታጠፋለች። ፊልሙ ከዚያ በኋላ ከአንድ ሰዓት በላይ ይቀጥላል፤ ድቮራክ ከሄደች ወዲያ ግን ሙቀቱ ይቀንሳል። ዕድሜዋ 39 ዓመት ሲሆን፣ ሆሊውድ ለዚያ ዕድሜ ሴቶች ምን ያህል ሥራ ይሰጥ እንደነበር ይታወቃል።

በ1951 ከፊልም ሥራ ራሷን አገለለች። ከፌንተን ጋር በ1940ዎቹ አጋማሽ ተፋትታ በኋላ ሁለት ጊዜ ያገባች ሲሆን፣ በ1959 ከሦስተኛው ባሏ ጋር ወደ ሃዋይ ተዛወረች። በዚያም መጻሕፍት እየሰበሰበች ከሆሊውድ ርቃ ኖራለች። ታኅሣሥ 10 ቀን 1979 እ.አ.አ በሆኖሉሉ በ68 ዓመት ዕድሜዋ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየች። አስከሬኗ ተቃጥሎ አመዱ በዋይኪኪ ባሕር ዳርቻ ተበተነ።

ስካርፌስ ዩኒቨርሳል በተባለው ኩባንያ እጅ ገብቶ ለሕዝብ እንደገና መታየት የጀመረው በዚያው ጊዜ ገደማ ነው። በ1994 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ፊልሙን በብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ አካትቶታል። ሦስት በአንድ ክብሪት ደግሞ በ2008 ከደንቡ በፊት ከተሠሩ ሌሎች ፊልሞች ጋር በዲቪዲ ታትሞ ወጥቷል። በሎስ አንጀለስ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የሆኑት ክርስቲና ራይስ የጻፉት የሕይወት ታሪኳም በ2013 በኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ለንባብ በቅቷል። መጽሐፉ ስለ ድቮራክ የተጻፈ የመጀመሪያው ሙሉ የሕይወት ታሪክ ሲሆን፣ የታተመውም እርሷ ከሞተች ከ34 ዓመታት በኋላ ነው።